ፉጨቱም አቀባበል ነው

መካኒሳ አቦ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት ከታክሲ የሚወርድ ሰው ማን ከማን እንደሚጫወት ለማወቅ ጋዜጣ አያስፈልገውም። በየዲኤስቲቪ ቤቱ በር ላይ በጠመኔ የተጻፈ ሰሌዳ አለ፤ ሰሌዳ የሌለው ቤት ደግሞ ጩኸቱ ራሱ ይናገርለታል። ጨዋታው ወር በገባ በአምስት የዋለ እንደሆነ፣ ነጠላ ያጣፋው ከአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ተሳልሞ ሲወጣ ማልያ የለበሰው ወደ ቴሌቪዥኑ ሲገባ መንገድ ላይ ይተላለፋሉ። ማልያውን ከነጠላው ሥር የለበሰ ወጣትም አይጠፋም። እዚህ ሰፈር የአርሰናልና የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች ኩታ ገጠም መሬት እንዳላቸው ገበሬዎች ናቸው፤ በድንበር ይጣላሉ፣ ማኅበር ግን አብረው ይጠጣሉ።

ከጨዋታ በኋላ በእነዚህ ቤቶች የሚነሳ አንድ ክርክር አለ። ውጤት አይፈታውም፣ ዓመታትም አያበርዱትም። ክለቡን ጥሎ ወደ ባላንጣ የሄደ ተጫዋች አንድ ቀን ወደ ቀድሞ ሜዳው በክብር ቢጠራ ደጋፊው ምን ያደርጋል? ያጨበጭባል? ያፏጫል? ወይስ ጀርባውን ይሰጣል? ይህ ሲነሳ በአርሰናሎች ዘንድ መጀመሪያ የሚጠራው ስም የሮቢን ቫን ፔርሲ ነው።

ታሪኩን የማያውቅ የመድፈኞቹ ደጋፊ የለም፤ ቢሆንም ዝርዝሩ ላይ ጥቂት ልቆይ። እ.አ.አ. በ2012 ክረምት አምበሉ ቫን ፔርሲ ውሉን እንደማያድስና ክለቡ በያዘው አካሄድ እንደማይስማማ በድረ ገጹ ላይ ጽፎ አሳወቀ። በነሐሴ ወር ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ ሄደ። መሄዱን ደጋፊው እየመረረውም ቢሆን ሊውጠው ይችል ነበር፤ ሰውየው ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል፣ ጉልበቱ ሳይከዳው ዋንጫ ማንሳት ይፈልጋል። ያልተዋጠው ሌላ ነገር ነው። ዩናይትድ እንደደረሰ፣ በውስጡ ያለው ትንሹ ልጅ የዩናይትድን ስም እየጠራ ይጮኽ እንደነበር ተናገረ። ስምንት ዓመት ሙሉ ጉዳት በተመላለሰበት ቁጥር ሲጠብቀው የኖረ ደጋፊ ያንን ልጅ አንድም ቀን አላየውም ነበር።

ከዚያ ሥነ ሥርዓቱ መጣ። ዩናይትድ እ.አ.አ. ኤፕሪል 22 ቀን 2013 አስቶን ቪላን 3 ለ 0 አሸንፎ ሻምፒዮንነቱን አረጋገጠ፤ ሦስቱንም ያገባው ቫን ፔርሲ ነበር። በስድስተኛው ቀን የሚቀጥለው ጨዋታ ኤሚሬትስ ላይ ወደቀ። በእንግሊዝ ልማድ ሻምፒዮን የሆነ ቡድን ሲመጣ ባለሜዳዎቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው በጭብጨባ ያስገቡታል። የአርሰናል ተጫዋቾች ተሰለፉ፣ አጨበጨቡም። ደጋፊው አፏጨ። ቴዎ ዋልኮት በሁለተኛው ደቂቃ አገባ፤ ከዕረፍት በፊት ራሱ ቫን ፔርሲ በፍጹም ቅጣት ምት አቻ አደረገ። 1 ለ 1 አለቀና ሁሉም ወደየቤቱ ገባ።

ያን ቀን የእንግሊዝን ደጋፊ ሥነ ሥርዓት የለውም ብለው የተቹ ነበሩ። እኔ በተቃራኒው ነው የማየው። ጭብጨባው ለዋንጫው ነበር፣ ፉጨቱ ለሰውየው። ሁለቱም ባንድ ሜዳ፣ ባንድ ደቂቃ ተሰሙ፤ አንዱ ሌላውን አላፈነውም። ጠርሙስ አልተወረወረም፣ የተነካ ሰው የለም። ቫን ፔርሲም ኳሱን ከመረብ አገናኝቶ ሲያበቃ ፈንጠዝያ አላበዛም። ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ አቀባበል ምን ዓይነት ነው?

አሁን ቫን ፔርሲ አሠልጣኝ ሆኗል፤ የሀገሩን ክለብ ፌይኖርድን ይዟል። ነገ አርሰናል የቀድሞ ተጫዋቾች ቀን ብሎ ቢጠራው፣ የመካኒሳ አቦ አርሰናሎች በዕድሜ የሚከፈሉ ይመስለኛል። ሠላሳዎቹን የተሻገሩት ያኔ ስንት እንዳለቀሱ ያስታውሳሉና ቂማቸው የራሳቸው ነው፤ ካሳውም ለእነሱ ነው የሚገባው። አስገራሚዎቹ ታዳጊዎቹ ናቸው። ቡካዮ ሳካን እያዩ ያደጉ ልጆች ቫን ፔርሲ ሲጫወት በዓይናቸው ሳያዩት ከታላላቆቻቸው በላይ ይጠሉታል። በወሬ የተወረሰ ቂም በዓይን ካዩት ቂም ይልቅ ዕርቅ እንቢ ይላል፤ ያየ ሰው ጥሩውንም አብሮ ያየ ነውና። ያልወደደው ሰው ምኑን ይቅር ይላል?

በእግር ኳስ ዓለም ከባዱን አቀባበል ያየው ግን ሉዊስ ፊጎ ነው። ከባርሴሎና ወደ ሪያል ማድሪድ እ.አ.አ. በ2000 ክረምት ተዛወረ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ካምፕ ኑ ላይ ሲመለስ ጆሮ የሚያደነቁር ፉጨት ተቀበለው። እ.አ.አ. በኅዳር 2002 እንደገና ሲመጣ ግን ነገሩ ከፉጨት አለፈ፤ የማዕዘን ምት ሊመታ በሄደ ቁጥር ጠርሙስ፣ ሳንቲምና ሞባይል ይዘንብበት ጀመር፣ የአሳማ ጭንቅላትም ተወረወረ። ዳኛው ጨዋታውን ለሩብ ሰዓት ገደማ አቋረጡ። ያን የመሰለ ደጋፊ የምከላከልበት ክርክር የለኝም። ሰው ላይ የሚወረወር ነገር ትርጉሙ አንድ ነው፤ ተጫዋቹ ወጣትም ይሁን ጎልማሳ፣ ከሃዲም ይሁን ታማኝ።

ሮቤርቶ ባጂዮን ስናይ ደግሞ ነገሩ ከደጋፊው ወደ ተጫዋቹ ይዞራል። እ.አ.አ. በ1990 ፊዮረንቲና ለጁቬንቱስ ሲሸጠው የፍሎረንስ ከተማ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ከፖሊስ ጋር ተጋጨ፤ ብዙ ሰው ተጎዳ። በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ በጁቬንቱስ ማልያ ወደ ፊዮረንቲና ሜዳ መጣ። ጁቬንቱስ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘ። መቺው እሱ ነበር፤ አልመታም አለ። የመታው ሌላ ተጫዋች ሳተ። ባጂዮ ተቀይሮ ሲወጣ ከመቀመጫው በኩል የተወረወረለትን የፊዮረንቲና ሻርፕ አንስቶ ያዘ። ጁቬንቱሶች በዚህ ተቀየሙት፣ ፍሎረንሶችም ሁሉም አላጨበጨቡለትም፤ ሰውየው ግን ከየት እንደመጣ እንዳልረሳ ባደባባይ አሳየ። ዌይን ሩኒም አለ፤ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ኤቨርተንን ለቆ፣ ከዚያም ጉዲሰን ፓርክ ላይ የዩናይትድን ዓርማ ስሞ ደጋፊውን አንገብግቦ፣ ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ እ.አ.አ. በ2017 ሲመለስ በመጀመሪያው የሊግ ጨዋታ ስቶክ ሲቲ ላይ በግንባሩ አገባ። እንኳን ደህና መጣህ ሙሉ ሆኖ የተሰማው ኳሷ መረብ ከነካች በኋላ ነው።

ከሞቱ አሟሟቱ ይላል የኛ ሰው። በደጋፊ ዘንድም ከመሄዱ አካሄዱ ነው። እንጀራ ፍለጋ የሄደን ተጫዋች ሕዝብ ይራገማል እንጂ አይጠላም፤ ይህንን እኛ፣ በየቤታችን አንድ ሰው አረብ ሀገር ወይ አሜሪካ ያለን ሰዎች፣ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። የሚጠላው ንቀትን ነው። ሲሄድ የኖረበትን ቤት ቤት አልነበረም ያለ ሰው ሲመለስ በሩ ይከብደዋል።

ወደ ራሳችን ሜዳ እንምጣ።

አዲስ አበባ ስታዲየም በደህናው ዘመኑ አንድ ዓይነት ሕዝብ አልነበረውም። ከመቀመጫዎቹ ካታንጋ ሌላ ነው፣ ሚስማር ተራ ሌላ ነው፣ ከማን አንሼና ዳፍ ትራክ ሌላ፤ ጥላ ፎቅ የተቀመጠው ደግሞ ከሁሉም ይለያል። አንዱ የሚያወድሰውን ሌላው ይሰድበዋል። «ሕዝቡ እንዴት ይቀበለዋል?» የሚል ጥያቄ በኛ ስታዲየም አንድ መልስ ኖሮት አያውቅም። ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና በሸገር ደርቢ ሲገናኙ ማልያ የቀየረ ተጫዋች ከግማሹ ሜዳ ስሙ በዜማ ይጠራል፣ ከግማሹ ሜዳ ያው ስም በሌላ ዜማ ይመለሳል። አስጨፋሪዎቹ ግጥም የሚያወጡት እዚያው ነው፤ ጨዋታው ሳያልቅ አዲስ ስድብ ተፈጥሮ፣ ተለማምዶ፣ በሺዎች ይዘመራል። ይህ ችሎታ ነው፤ ሲያምር ያምራል፣ ሲያስቀይምም ያስቀይማል።

ግን ይህ ሁሉ ያለው በትዝታ ነው። ዋናው ስታዲየም ለዓመታት በእድሳት ተዘግቶ ሊጉ በሐዋሳ፣ በአዳማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋ ሲዞር የአዲስ አበባ ደጋፊ ክለቡን እንደ አርሰናል በቴሌቪዥን የሚያይ ሆነ። ጋቶች ፓኖም በኢትዮጵያ ቡና ስሙን አግኝቶ ወደ ሩሲያው አንዚ ማካችካላ ተጉዞ ነበር፤ ኋላ የቅዱስ ጊዮርጊስን ማልያ ሲለብስ ካታንጋና ሚስማር ተራ ባዷቸውን ነበሩ። በሌላ ዘመን ቢሆን የከተማ ወሬ ይሆን የነበረ ነገር እንደ ማንኛውም የዝውውር ዜና አለፈ። ይህ መልካም ነው የሚል ሰው ይኖራል፤ ስድብ ቀረለት። እኔ ግን አንድ ነገር እንደጎደለ ይሰማኛል። ተጫዋቹ ላይ ያፏጨ የለም ማለት የፈለገውም የለም ማለት ሊሆን ይችላል።

ደግሞስ ማንን ነው ከሃዲ የምንለው? ባገራችን ሊግ የተጫዋች ውል አጭር ነው፤ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ይፈርማል፣ ክረምት ሲገባ ክለቦች ግማሽ ቡድናቸውን አሰናብተው ግማሽ ቡድን ይገዛሉ። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የተጫዋች የወር ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር እንዲሆን ሲወሰን ጉዳዩ የሚመለከታቸው ተጫዋቾች ቅሬታቸውን ቢያሰሙም ማን ሰማቸው? ደመወዝ በሰዓቱ ባለመከፈሉ ልምምድ ያቆሙ ቡድኖች ዜና በየዓመቱ እንሰማለን። ክለቡ በየክረምቱ የሚሸኘው ተጫዋች አንድ ክረምት ራሱ ተነስቶ ሲሄድ «ከዳን» ማለት ትንሽ ያስቃል። ታማኝነትን መጠየቅ የሚችለው ታማኝ የነበረ አካል ነው።

ስለዚህ ባገራችን የቀድሞ ተጫዋች በክብር የሚጠራበትን አጋጣሚ ሳስብ የማገኘው በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ ሲታመም። የቀድሞ ኮከብ ኩላሊቱ ወይም ልቡ ታሞ ለሕክምና ገንዘብ ሲያስፈልገው የድጋፍ ጨዋታ ይዘጋጃል። ቬተራኖች ማልያ ለብሰው ይሮጣሉ፣ ደጋፊ ማኅበራት ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ከባላንጣው ክለብ ሳይቀር ሰው ይመጣል። ይህ የሕዝባችን ደግ ጎን ነው፤ ብዙ ነፍስም አድኗል። ግን አቀባበል አይደለም። በሽተኛ ላይ የሚያፏጭ የለም፤ ጥላቻ የነበረውም ጥላቻውን ዋጥ አድርጎ ያጨበጭባል። ሐዘኔታ ሲመጣ ጥሉ ሳይፈታ ይሸፈናል፤ ሰውየውም እንደ ተጫዋች አልተመለሰም፣ እንደ ሕመምተኛ እንጂ። ቀጥሎ ያለው ክብር ደግሞ ቀብር ነው፤ እዚያ ሁሉም ምስጉን ነው።

ጤነኛ ሆኖ የሚከበር ካለ የሚከበረው በሆቴል አዳራሽ ነው። ሁላችንም እናውቀዋለን። የክብር እንግዳ ዘግይተው ይመጣሉ። ንግግር ይደረጋል፣ ሌላ ንግግር ይደረጋል፣ ካባ ይለበሳል፣ የተሸላሚው ፎቶ በትልቅ ፍሬም ተሠርቶ ለራሱ ለተሸላሚው ይሰጠዋል። (ያንን ፍሬም ሰውየው ቤቱ የት እንደሚሰቅለው ሁሌም ያሳስበኛል።) በአዳራሹ ደጋፊ የለም። በካርድ የተጠራ እንግዳ ደግሞ አያፏጭም፤ ከፊቱ ምሳ አለ። አወዛጋቢ የነበረው ነገር ሁሉ «አንዳንድ ያለመግባባቶች» በሚል አንድ ሐረግ ይታለፋል። ተሸላሚው አመስግኖ ይቀመጣል፤ ሕዝቡና እሱ ግን አልተያዩም።

በአዳራሽ በአንድ ሐረግ የሚታለፈው ምን እንደሆነ ለማየት የ2005ቱን ነገር እናንሳ። ዋልያዎቹ ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ በበቁበት ዓመት፣ ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 አሸነፉ። ጌታነህ ከበደ አገባ፤ የደቡብ አፍሪካው በርናርድ ፓርከር ለሀገሩ ካገባ በኋላ በራሱ መረብ ላይም አስቆጠረ። ከተማው ጎዳና ላይ አደረ። ጭፈራው ሳይበርድ ሌላ ወሬ መጣ፤ የቡድኑ ተጫዋች ምንያህል ተሾመ ሁለት ቢጫ ካርድ ስለነበረበት ከሳምንት በፊት ቦትስዋና ላይ መሰለፍ አልነበረበትም፤ ተሰልፏል። ፊፋ ቦትስዋና ላይ ያገኘነውን ድል ሰርዞ ለቦትስዋና 3 ለ 0 ሰጠ፣ ከኛም ሦስት ነጥብ ሄደ። ፌዴሬሽኑ ጥፋቱ የራሱ መሆኑን አመነ። ቡድኑ በመስከረም ገደማ ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፎ ለመጨረሻው ማጣሪያ ደረሰ፤ በናይጄሪያ ተሸንፎ የብራዚሉ ዓለም ዋንጫ መንገድ እዚያ አከተመ።

ካርድ መቁጠር የተጫዋች ሥራ አይደለም። አሰልፉኝ ብሎ የሚገባም ተጫዋች የለም፤ ስሙ ሲጠራ ይገባል። ይህ ለማንም ግልጽ ነው። ሆኖም ያ ታሪክ በየሻይ ቤቱ ሲነሳ እስከ ዛሬ የሚጠራው የምንያህል ስም ነው። የቢሮ ጥፋት ፊት የለውም፤ ሰው ደግሞ ሲናደድ ፊት ይፈልጋል። የተጫዋች ፊት በፖስተር ላይ አለ፣ የጸሐፊ ፊት የለም። አወዛጋቢ የምንላቸው ተጫዋቾች ስንቶቹ በገዛ እጃቸው አወዛጋቢ ሆኑ፣ ስንቶቹስ ሌላ ሰው የሠራውን ተሸከሙ? ያልታወቀለት ሰው ሜዳ ላይ ሲጠራ ከሚደርስበት ፉጨት ግማሹ የተሳሳተ አድራሻ የደረሰ ነው።

ከሁሉም በላይ የማስበው ግን ሉቺያኖ ቫሳሎን ነው።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በዛሬው አዲስ አበባ ስታዲየም በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ የተባበረችውን የዐረብ ሪፐብሊክ፣ ማለትም ግብፅን፣ ገጠመች። ውድድሩ የአራት ሀገሮች ነበር። ግብፅ አንድ አገባች፣ ግርማ ተክለ አቻ አደረገ፤ ደቂቃ ሳይቆይ ግብፅ እንደገና መራች። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ገደማ ሲቀረው አምበሉ ሉቺያኖ 2 ለ 2 አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አከሉ። 4 ለ 2። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ሉቺያኖ ነው። ከዚያ ወዲህ ያንን ዋንጫ ያነሳ ኢትዮጵያዊ የለም።

ይህን ሰው ማን እንደሆነ እናስብ። አሥመራ የተወለደው ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረበት ዓመት ነው፤ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። ወራሪው ከሀገር ከወጣ ሃያ አንድ ዓመት ባልሞላው ጊዜ፣ አርበኞች በሕይወት ባሉበት፣ የጣሊያን ስም የያዘ ሰው በአዲስ አበባ መሃል የሀገሪቱን ዋንጫ ከፍ አድርጎ ያዘ። ሕዝቡም ጮኸለት። ከመቀመጫው ሁሉ ያ ድምፅ ሲወጣ የማንን ልጅ እንደሚያወድሱ አልጠየቁም ማለት አልችልም፤ ጠይቀውም ሊሆን ይችላል። ግን እያወቁ ጮኹለት። አሥር ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር 1955 ላይ፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ፌዴሬሽን ፈርሶ ኤርትራ አሥራ አራተኛ ጠቅላይ ግዛት ሆነች፤ ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ዓመት የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ሉቺያኖ በደርግ ዘመን ሀገር ጥሎ ወደ ጣሊያን ሄደ። በግንቦት 1985 የትውልድ ከተማው የሌላ ሀገር ዋና ከተማ ሆነች። ከ1990 እስከ 1992 ሁለቱ ሀገሮች በባድመ ተዋጉ። መስከረም 2015 ዓ.ም. ላይ እዚያው ጣሊያን አረፈ።

እስቲ በምናብ፣ በ1993 ወይም በ1994 ዓ.ም. የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ሉቺያኖን ጠርቶ አዲስ አበባ ስታዲየም መሃል ሜዳ ላይ አቆመው እንበል። የባድመ ለቅሶ ከየቤቱ አልወጣም። የመካኒሳ ወጣት ስለ 1954ቱ ዋንጫ ከአባቱ ሰምቷል፤ ስለ ጦርነቱ ደግሞ ከጎረቤቱ ድንኳን። ጥላ ፎቅ ላይ ያንን ቀን በዓይኑ ያየ ሽማግሌ ይነሳል ብዬ አምናለሁ፤ ማንም ሳያስነሳው። ከወጣቱ መቀመጫ ፉጨት ይመጣል ብዬም አምናለሁ። ያን ፉጨት ግን ከቫን ፔርሲው ጋር አላመሳስለውም። ቫን ፔርሲ ላይ የተፏጨው በሠራው ነው፤ ሉቺያኖ ላይ ሊፏጭ የሚችለው ግን በተወለደበት ነበር። የመጀመሪያው የደጋፊ መብት ነው፣ ለሁለተኛው ግን ለማንም የስታዲየም ትኬት አልተሸጠም።

ይህን ልዩነት ከምናብ አውጥተን ብናየው ሩቅ አይደለም። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. ሜዳዎቻችን ላይ ምን እንደተዘመረ የሚያውቅ ያውቃል። የአማራና የትግራይ ክለቦች ጨዋታ በገለልተኛ ሜዳ እስኪደረግ ደረስን፤ ከዚያ ጦርነቱ መጣና የትግራይ ክለቦች ከሊጉ ለዓመታት ጠፉ። ቤታቸው ወዲያ ማዶ ሆኖ ክለባቸው ወዲህ የሆነ፣ ወይም ደግሞ በተቃራኒው የሆኑ ተጫዋቾች ነበሩ። እነዚህ ልጆች ዕድሜያቸው ገፍቶ ወደ ቀድሞ ክለባቸው በክብር ቢጠሩ የሚደርስባቸው አቀባበል እነሱ በሠሩት ይመዘን ይሆን? መልሱን የሚሰጡት ዛሬ በየዲኤስቲቪ ቤቱ ማልያ ለብሰው የተቀመጡት ናቸው። ለመካኒሳ አቦዎቹ ደህና ተስፋ አለኝ፤ በለንደን ክለብ የተነሳ እስከ እኩለ ሌሊት የሚጣላ ሰው በዘር ለመጣላት ጊዜ አይተርፈውም።

አዘጋጆች ፉጨትን ስለሚፈሩ ነው ሥነ ሥርዓቱ ሁሌም አዳራሽ የሚገባው፣ ወይም የሚቀረው። ሕዝቡ ግን የሚፈራ አይደለም፤ የሚያስቆጣው ሲዋሹት ነው። ጥል የነበረበትን ተጫዋች ጥል እንዳልነበረ አድርጎ ያቀረበ መድረክ መሪ ፉጨቱን በገዛ እጁ ይጠራዋል። መጀመሪያ ተጫዋቹ ይናገር፤ ካባው ይቆይ። ለምን እንደሄደ ባጭሩ ይበል፤ ጥፋቱ የሱ ከሆነ ይበል፣ ካልሆነም አይደለም ይበል። ማይክሮፎኑን በፊት ለሚኒስትሩ፣ ቀጥሎ ለስፖንሰሩ፣ በመጨረሻ ለባለጉዳዩ የሚያዞር ልማዳችን እዚህ ላይ ይሰበር። ከዚያ በኋላ ካታንጋ የፈለገችውን ታድርግ።

የ2005ቱ ትውልድ እንደሆነ ጫማውን እየሰቀለ ነው። አንድ ቀን ያ ቡድን ሙሉውን ተጠርቶ ሜዳ ላይ ሲቆም ምንያህልም ከመሃላቸው ይኖራል። ያን ቀን ስሙ በድምፅ ማጉያው ከመጠራቱ በፊት ከፌዴሬሽኑ አንድ ኃላፊ ቀድሞ ይውጣና ካርዱን መቁጠር የነበረብን እኛ ነበርን፣ አልቆጠርንም ብሎ ይናገር። ሲፏጭበትም ማይክሮፎኑን ይዞ፣ ፉጨቱ እስኪያልቅ፣ እዚያው ይቁም።